ከጉብታው ላይ ያነሳሁት ድንጋይ

ማክ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሁሉ ሞቶ አልቋል ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከሚስቴ ጋር፣ ልጄ ኮርነርስቶን በሚባል ሰፈር አዲስ ወደገዛው ቤት ሄጄ፣ ሰው ቤት ተጎልቶ መዋል ስለማልወድ ከጀርባ ያለውን ኩሬ ስዞር፣ አንዲት ነጭ ሴትዮ ፊቴ ቆመች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ትክ ብላ አየችኝና «ማክ?» አለች። ስሜ መኮንን ነው። ማክ ያሉኝ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ይሄ ሁሉ ቤት የስንዴ እርሻ ሳለ፣ እዚሁ የቀጠሩኝ ሽማግሌና አሮጊት ናቸው። መኮንን ማለት ከበዳቸው። ውሻቸው ደግሞ ማክስ ነበር የሚባለው፤ ሲጣሩ ሁለታችንም ቀና እንል ነበር። ሴትዮዋ ልጃቸው ሩት ናት።

ሰላምታው ሲያልቅ ለምን እንደመጣች ነገረችኝ፤ የድሮ መሬታቸውን ልታይ ነው። እናቷ ሚስስ ኢዲት በዊንተሩ አርፈዋል፣ ዘጠና አምስት አልፏቸው ነበር። አባቷ ሚስተር ዋልተር ከሞቱ ቆይተዋል። አሁን ለሁለቱ አንድ የመቃብር ድንጋይ እያሠራች ነው። በድንጋዩ ግርጌ እናቷ እስከ መጨረሻው ያነሷቸው የነበሩ የሦስት ልጆች ስም እንዲጻፍ ትፈልጋለች፤ ይቺን መሬት መጀመሪያ ያቀኑት የሚስተር ዋልተር አያት ልጆች ናቸው፣ እዚህ ጉብታ ላይ የተቀበሩ። ሁለቱን ታውቃቸዋለች፣ ቶማስና አና። ሦስተኛዋ አንድ ቀን ብቻ የኖረች ሕፃን ናት፤ የሷን ስም የሚያውቅ ዘመድ አልተገኘም። «አባዬ ላንተ ብዙ ያወራህ ነበር፤ ስሟን ነግሮህ ያውቃል?» አለችኝ። ስሙን አውቀዋለሁ። ሚስተር ዋልተር ግን አልነገሩኝም። እንዴት እንዳወቅሁት ሳልናገር ስሙን መናገር አልችልም፤ ያን ደግሞ ለሚስቴም ነግሬ አላውቅም።

ወደ ማዶ አየሁ። እዚያ ለሌላ ቤት መሠረት ይቆፈር ነበር፤ የተገለበጠው እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ቤቱ፣ መንገዱ፣ ሰዉ ሁሉ ተለውጧል፤ ያ ሽታ ግን ያው ነው።

የመጣሁት በሱዳን በኩል ነው። ከአርማጭሆ እንዴት እንደወጣሁ፣ የማን ጠመንጃ እንዳባረረኝ አልተርክም፤ ያን የሚያወሩ ሞልተዋል። ሚስቴን ወርቅነሽን ካርቱም ትቼ ብቻዬን ካልጋሪ ገባሁ። ያኔ ከተማው እዚህ አይደርስም። ሞንተሬይ ፓርክ የሚሉት ሰፈር ገና የቤቱ እንጨት ሲቆም ነው የማውቀው፤ የኮራል ስፕሪንግስ ሐይቅማ ጭራሽ አልተቆፈረም። አውቶቡሱ መጨረሻው ፌርማታ ላይ አራግፎህ ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ ጠጠር መንገድና ነፋስ ነው። ቤንዚን ሊትሩ ሃምሳ ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ቡና ከዶናት ጋር ገዝተህ ከሁለት ዶላር ላይ መልስ ትቀበላለህ። ዳውንታውን፣ ባቡሩ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ ሰው የለበሰውን ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ሰማያዊ ቱታዬን የገዛሁት ከዚያ ነው። ደረቱ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ ነገር አለበት፣ እኔ ጌጥ መስሎኛል። ለካ ዳግ ይላል፣ የቀድሞው ባለቤት ስም። ወር ሙሉ ዳግ ሆኜ ስዞር አንድ ሰው አልነገረኝም። ፊደል አልቆጠርኩማ። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም አንድ ፊደል አልለይም ነበር፤ ወረቀት ሲመጣ የማቀርበው አውራ ጣቴን ነው። የስደተኛ ቢሮው ሰውዬ እርሻ ሥራ ትችላለህ ወይ ብሎ ሲያስጠይቀኝ ሳቅሁበት። ከዚያ ሌላ ምን እችል ኖሯል?

ሚስተር ዋልተር ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ከአፋቸው ስንጥር የማይጠፋ ሰው ነበሩ። የጭነት መኪናቸው ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ የካውቦይ ዘፈን ያጫውታል፤ ዘፈኑ ሁሉ ጥላው ስለሄደች ሴት ነው። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ይገባኛል፣ ካርቱም ያለችውን እያሰብኩ አብሬ አንጎራጉራለሁ። ሽማግሌው ከሬዲዮው በላይ እየጮሁ የአያታቸውን ታሪክ ይነግሩኛል። መጀመሪያ አንዱንም አልሰማው፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ደጋግመው ደጋግመው ሲነግሩኝ ነው ዓመት ሊሞላኝ ሲል የገባኝ። አያትየው ከአሜሪካ በኩል፣ ዳኮታ ከሚሉት አገር፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በበሬ ሠረገላ ጭኖ መጣ። መንግሥት መሬት በነፃ ይሰጣል ተብሎ ነው። ባዶ መሬት ነበር ይላሉ። እኔ ግን እዚያ አፈር ላይ በሰው እጅ የተሳለ የድንጋይ ቀስት ጫፍ ስንቴ አግኝቻለሁ፤ ባዶ መሬት ላይ ማን ወረወረው? ብቻ አያትየው መጣ። ዛፍ የለም፣ ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ እንደ ጡብ እየቆረጠ ቤት ሠራ። ሲዘንብ ጭቃው ሾርባቸው ውስጥ ይንጠባጠባል። ማገዶ የለም፣ ኩበት ለቅመው ያነዳሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሚስተር ዋልተር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ያፍራሉ መሰለኝ። አንድ ቀን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እናቴ እስከ ዛሬ የምታነደው እሱን ነው ብላቸው መኪናውን አቁመው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው ያዩኝ ጀመር።

አያትየው በመጣ በመጀመሪያው ዊንተር ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ገብቶ ቶማስና አና በአንድ ሳምንት ሞቱ። አንዱ ስድስት፣ አንዷ አራት ዓመታቸው ነበር። መሬቱ በውርጭ ደርቆ ዶማ አይበሳውም። አባትየው ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እህል ማስቀመጫው ውስጥ አኖራቸው፣ መሬቱ እስኪለሰልስ፣ አራት ወር። እናትየው እርጉዝ ነበረች። ዱቄት ለማውጣት በየቀኑ የምትገባው እዚያው ነው። በረዶው ሲለቅ ወለደች፣ ሕፃኗም በማግሥቱ ሞተች። ሦስቱን በአንድ ቀን ጉብታው ላይ ቀበሯቸው፤ አባትየው ስማቸውን በመሮ ድንጋይ ላይ ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎቹ ልጆች የተወለዱት፣ እርሻው የሰፋው፣ ቀይ ጎተራው የቆመው፣ በሬው በትራክተር የተተካው። ሦስት ትውልድ አረሱት። አሁን ለዚህ ቤተሰብ ማስታወሻ ይሁን ብሎ የቆመ ምንም ነገር እዚህ ሰፈር አላየሁም።

ጥፋቴን የሠራሁት ይሄን ታሪክ ሳልረዳ፣ በመጀመሪያው ስፕሪንግ፣ በረዶው ሲለቅ ነው። በዚህ አገር ውርጩ በየዓመቱ ከመሬት ሆድ ድንጋይ እየገፋ ያወጣል። ከመዘራቱ በፊት መለቀም አለበት። ትራክተሩ ጠፍጣፋ ብረት ይጎትታል፤ አንተ እየለቀምክ እላዩ ላይ ትጭናለህ፣ ሲሞላ ወስደህ ኩሬው ዳር ትደፋለህ። ይሄን ሥራ ማንም አያስተምረኝም። በኛ አገር ማሳው መሐል የድንጋይ ክምር ትቶ ዙሪያውን የሚያርስ ገበሬ መሳቂያ ነው። የነሱ ማሳ መሐል ደግሞ ጉብታ አለ፤ ጫፉ ላይ የተከበበ ድንጋይ፣ አራት የበሰበሱ የአጥር እንጨቶች፣ ማረሻው በየዓመቱ እሱን እየዞረ ያልፋል። ስንፍና መሰለኝ። ሚስተር ዋልተር ያን ሰሞን ቡአቸውን ሊቀደዱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ ሚስስ ኢዲትም አጠገባቸው ናቸው። ሲመለሱ ላስደንቃቸው አልኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንጨቶቹን ነቀልኩ፣ ድንጋዩን ለቀምኩ። መሐል ላይ የነበረው ትልቁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጭረት ነገር አይቻለሁ፤ ውርጭ የላጠው ነው ብዬ በብረት ዘንግ ፈንቅዬ ጫንኩት። ከዚያ ጉብታውን አርሼ ዘራሁበት። ስጨርስ ቆሜ አየሁት፣ ኮራሁ።

መቃብር ይሆናል ብለህ አላሰብክም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አላሰብኩም። መቃብር ቤተ ክርስቲያን ያለበት ነው፤ እርሻ መሐል ሰው የሚቀብር ክርስቲያን አለ ብዬ አልገመትኩም። ይሄን ምክንያት ለራሴ ብዙ ዓመት ስሰጠው ኖሬያለሁ። ውሸት ግን ነው። ሳትጠመቅ የሞተች እህት ነበረችኝ፣ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አትገባም ተባለ፤ አባቴ ጓሮ ጌሾው ሥር ቀበራት። ስም አልወጣላትም፣ አንድ ጠጠር አልተደረገላትም። ዘንቢል ሙሉ አፈር ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ልጅ ያለ ቤተ ክርስቲያን እንደሚቀበር ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

ሚስተር ዋልተር ከሆስፒታል ሲመለሱ ትራክተር ላይ እንዳይወጡ ተከለከሉ። ሚስስ ኢዲት ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ሩቅ አይሄዱም። ስንዴው በቅሎ ሸፈነው፣ ከስንዴው በኋላ በረዶው ሸፈነው። ያን ዊንተር ነው ታሪኩ ጥርት ብሎ የገባኝ። ከብቶቹን አብልተን ስንመለስ ሚስተር ዋልተር እንደገና ተረኩልኝ፤ ጉብታው ሲሉ በጣታቸው አሳዩኝ። እኔ ያረስኩት ነው። ሕፃኗስ ማን ትባላለች ብዬ ጠየቅኳቸው። ስንጥሯን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዞሩና «ድንጋዩ ላይ አለ» አሉኝ። ማንበብ የሚችሉ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ጽፈውታላ፣ ማስታወስ ምን ያደርግላቸዋል? እኛ ያልተማርነው የሰባት ቤት ስም በቃላችን እንይዛለን፤ እነሱ አደራውን ለድንጋይ ሰጥተው ረሱት። ድንጋዩን ደግሞ እኔ ጣልኩት።

ሚስስ ኢዲት ፊደል ያስተማሩኝም በዚያው ዊንተር ነው። የወርቅነሽን የኢሚግሬሽን ፎርም በጣት አሻራ ልፈርም ስል እጄን ያዙኝ፣ ነገ ከምሳ በኋላ ኪችን ና አሉኝ። ደብተር አልነበረም፣ የዘር ካታሎግ ነበር። ካሮት፣ ድንች፣ ጎመን፤ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ፊደል በሹራብ መሥሪያ ወስፌያቸው እየነኩ ያስጠሩኛል። ስሳሳት አይቆጡም፣ ወስፌዋን እዚያው ፊደል ላይ አቁመው ይጠብቃሉ። ትጋቴን ሲያዩ ይሄ ሰው ሚስቱን እንዴት ቢወድ ነው ይሉ ነበር ለባላቸው። እኔ የቸኮልኩት ለሚስቴ አልነበረም። ስፕሪንግ ሲመጣ ኩሬው ዳር ሄጄ ያን ድንጋይ ማየት ነበረብኝ። የአማርኛውን ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ከልጄ ጋር ሰንበት ትምህርት ቤት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ።

በረዶው እንደለቀ ሄድኩ። ክምሩን ሳገላብጥ ግማሽ ቀን ዋልኩ። አገኘሁት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ በካሮትና በድንች የተማርኩትን እያስታወስኩ፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ቶማስ። አና። ከሥራቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ክላራ። አንድ ቀን ኖራ ስም አወጡላት። ከካታሎግ ሌላ በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ ይሄ ነው።  ከዚያ ድንጋዩን በፊቱ ደፋሁት፣ ከላዩ ሌላ ድንጋይ ከመርኩበት።

ለምን ቢባል፣ የወርቅነሽ ጉዳይ የአሠሪ ደብዳቤ ይፈልግ ነበር። ሥራ አለው፣ ሰውየው እንዲህ ነው የሚል ደብዳቤ። እሱን የሚጽፉት ሚስተር ዋልተር ናቸው። ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤው እጄ ሲገባ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እንደዚህ ያለ ቃል ለራስ መግባት ቀላል ነው።

በዚያው ዓመት መከሩ ሲያልቅ ባልና ሚስቱ መሬቱን ለጎረቤት አከራይተው ከተማ ሊገቡ ወሰኑ። ሚስስ ኢዲት ግን ልጆቹን ትቼ አልሄድም አሉ። አማታቸው ሲሞቱ አደራ ብለዋቸዋል፤ ቦታው የሚለቀቅ ከሆነ አጽማቸው ተነስቶ ከቤተሰቡ ጋር እንዲያርፍ። እኔው ነኝ በጭነት መኪናው ወደ ጉብታው የወሰድኳቸው። ሲወርዱ ክንዴን ይዘው ወረዱ። ፊት ለፊታቸው የታጨደ ስንዴ ቁርጥራጭ እንጂ ምንም የለም። ከዘራቸውን እየወጉ ወዲያ ወዲህ አሉ፣ ሚስተር ዋልተር ከኋላ ቀስ ብለው ይከተላሉ። ውርጭ ገልብጦት ይሆናል፣ ከብት ረግጦት ይሆናል ይላሉ ሽማግሌው። ሚስስ ኢዲት ዞር ብለው አዩኝ።

«ማክ፣ እዚህ የነበረ ድንጋይ አይተሃል?»

«አላየሁም ሚስስ።»

«ስትዘራ ምንም አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«አንተ ካላየህ አልነበረም ማለት ነው» አሉ።

እስኪደክማቸው ፈለጉ። እኔም አብሬያቸው ፈለግሁ፤ ጎንበስ እያልኩ፣ አፈሩን በእግሬ እየገለጥኩ፣ ልጆቹ ያሉበትን ቦታ በእርምጃ እያወቅሁ። ያን ጎንበስ ማለቴን ነው ከሁሉ በላይ የምጠላው። ስንመለስ ሚስስ ኢዲት የሕፃኗን ስም እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ ብለው ኪችን ቁጭ ብለው አለቀሱ። በዚያው ሳምንት ሚስተር ዋልተር ደብዳቤውን ፈርመው ሰጡኝ። ማንበብ ችያለሁ እኮ። ታታሪ ነው፣ ሐቀኛ ሰው ነው ይላል።

ወርቅነሽ በዓመት ከምናምን መጣች። እኔ መጋዘን ገባሁ፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ መጋዘን እንደገና። ሞንተሬይ ፓርክ ቤት ገዛን፣ ሁለት ልጅ አሳደግን። ሚስስ ኢዲት በየዓመቱ ለገና ካርድ ይልኩልኝ ነበር፣ ፊደሉን ለኔ ብለው ጎላ ጎላ አድርገው። አንዱንም አልመለስኩም። ኋላ መሬቱ ተሸጠ፣ ዶዘር ገባ፣ የድንጋዩን ክምር ትራክ ጭኖ ወሰደው። አለቀ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ይባስ ብሎ የገዛ ልጄ መጥቶ እዚሁ ቤት ገዛ።

ይሄ ሁሉ በጭንቅላቴ ሲያልፍ ሩት መልስ ትጠብቃለች። ካልታወቀ «ሕፃን» ተብሎ ይጻፋል አለችኝ፤ ቀራጩ በዚህ ሳምንት ይጀምራል። አላውቅም ብል ታምነኛለች፤ እናቷ አምነውኛል። «አላውቅም» አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ክላራ» አልኳት።

ወረቀቱን ዘረጋች፣ ደስ ብሏት። ልትጽፍ ስትል እጇ ቆመ። «አባዬ ቢያውቅ ለእማዬ ይነግራት ነበር እኮ። አንተ እንዴት አወቅህ?»

ነገርኳት። ድንጋዩን እንዳነሳሁት፣ እንዳነበብኩት፣ እንደደፋሁት፣ ጉብታው ላይ አብሬ እንደፈለግሁ፣ ሁሉንም። ደብዳቤውን አላነሳሁም፤ ያን ጊዜ ምክንያት መደርደር አስጠላኝ። ቦታው የት ነው አለች። በጣቴ አሳየኋት፤ ከኩሬው ማዶ የቤቶቹ አራት የመኪና ማደሪያ ጋራዥ ተደርድሯል፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ሥር ናቸው። ድንጋዩስ አለች። ትራክ ወሰደው፣ የት እንደሆነ አላውቅም አልኳት። ወደ ጋራዦቹ አየች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም።

«ያነበብከው እሷ ባስተማረችህ ነው» አለች።

«አዎ።»

ስሙን ጻፈች። ወረቀቱን አጥፋ ኮቷ ውስጥ ከተተችና መኪናዋን ወዳቆመችበት ሄደች። እጇን አልሰጠችኝም፣ ደህና ሁንም አላለችም። ልክ ናት።

ወርቅነሽን ከልጄ ቤት ወስጄ ወደ ቤት ስነዳ ምን ሆነሃል እያለች ነዘነዘችኝ። ደጃፋችን ፓርክ አድርጌ፣ ሳንወርድ ነገርኳት።  ሚስስ ኢዲት ከዘራቸውን እየወጉ ሲፈልጉ ላይ ስደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ስለ ደብዳቤው ጀመርኩ። ያኔ ብናገር ኖሮ ያንቺ ጉዳይ፣ ስል እጇን አነሳችና አስቆመችኝ።

«በኔ እንዳታሳብብ» አለች። «እኔ ካርቱም ሻይ እየሸጥኩ ሦስት ዓመት ጠብቄሃለሁ። ሌላ ሦስት ዓመት ጠብቂ ብትለኝ እጠብቅ ነበር። ጠየቅከኝ?»

አልጠየቅኳትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ውሸት ለሷ የከፈልኩላት ነገር አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ። ስንጣላ እንኳ በሆዴ ምን እንዳደረግሁልሽ ብታውቂ እላት ነበር። ወርዳ በሩን ዘጋችና ወደ ቤት ገባች። እኔ መሪው ላይ እጄን አድርጌ ቀረሁ።